ሳይቦካ የኮመጠጠው ሊጥ
አንድ የዌብ አገልግሎት ከራስ ኮምፒዩተር ወጥቶ ለሕዝብ እስኪደርስ

የጤፍ ሊጥ ተቦክቶ ሲያድር እንደሚኮመጥጥ በእናቱ ጓዳ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሳይቦካ በፊት የኮመጠጠ ሊጥ ግን አይቶ የሚያውቅ የለም። እኛ አይተናል። ያየነውም በቡሃቃ ውስጥ ሳይሆን በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የጤፍ ሊጥ በሚቦካበት ጊዜ የአሲድነቱ መጠን በየሰዓቱ እንዴት እንደሚለወጥ ታጠና ነበር። በሊጡ ውስጥ የተተከለችው መለኪያ በየሰዓቱ የምትልከው ሁለት ቁጥሮችን ብቻ ነው፤ ሰዓቱንና የአሲድነቱን መጠን። እነዚህን ቁጥሮች ተቀብሎ፣ የዕለቱን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጨምሮ የሚመዘግበውን አነስተኛ የዌብ አገልግሎት የሠራነው እኛ ነበርን። የቀኑ ቁጥር በእኩለ ሌሊት እንዲለወጥም ከተማሪዋ ጋር ተስማምተናል። አገልግሎቱን በራሳችን ኮምፒዩተር ላይ ለሁለት ሳምንት ፈተንነው፤ አንድም ስሕተት አላሳየንም። ከዚያም በውጭ አገር በሚገኝ የኪራይ ሰርቨር ላይ ጭነን ሥራ አስጀመርነው።

ተማሪዋ ዱቄቱን ያቦካችው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። በማግሥቱ ሰንጠረዡን ስትከፍት ግን የመጀመሪያው ልኬት በዚያው ባቦካችበት ዕለት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ተመዝግቦ አገኘችው። ዱቄቱን ውሃ ከመንካቱ 9 ሰዓት አስቀድሞ ማለት ነው። በተጨማሪም የ6፣ የ7 እና የ8 ሰዓት የሌሊት ልኬቶች ከጠዋቱ ልኬት ይልቅ ከፍተኛ አሲድነት ያሳዩ ነበር። ሊጡ ኮምጥጦ አድሮ፣ ጠዋት ጣዕሙ ተመልሶ፣ እንደገና መኮምጠጥ የጀመረ ይመስላል።

በመጀመሪያ መለኪያዋን ጠረጠርን፤ ቀጥሎም ተማሪዋን። «እኛ ኮምፒዩተር ላይ በትክክል ይሠራል» ብለን መለስንላት። ራሳችንን የጠረጠርነው በመጨረሻ ነው። ስሕተቱ ግን የእኛ ነበር። ከሁሉ የሚያሳስበው ደግሞ በመጀመሪያው ሌሊት ያጋለጠው አጋጣሚ መሆኑ ነው። ሥራው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ላይ ቢሆን ኖሮ ከየሌሊቱ ሦስት ልኬቶች ወደ ተሳሳተ ቀን እየተዛወሩ የዕለቱን አማካይ ያዛቡ ነበር፤ ማንም ሳያስተውልም በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ሳይንሳዊ ውጤት ሊታተሙ ይችሉ ነበር።

ለመሆኑ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ያለ እንከን የሚሠራ ፕሮግራም ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሲዛወር ስለምን ይሳሳታል? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በጥቂቱ እንመረምራለን።

ኤፒአይ ምንድን ነው?

የአንድን መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እናስብ። ባለ ጉዳዩ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ቅጽ ሞልቶ በመስኮቱ በኩል ያቀብላል። ሠራተኛው ቅጹን አይቶ ፋይሉን ያመጣለታል፤ ወይም ቅጹ አልተሟላም ብሎ ይመልስለታል፤ ወይም እንዲህ ያለ ፋይል የለም ይለዋል። በውስጥ ያሉት መደርደሪያዎች በፊደል ተራ ይደርደሩ ወይም በቁጥር፣ ባለ ጉዳዩን አያሳስበውም። እርሱ ማወቅ የሚገባው የቅጹን አሞላልና የመልሱን ዓይነት ብቻ ነው።

ኤፒአይ የምንለው ይህን መስኮት ነው። ልዩነቱ ባለ ጉዳዩም ሠራተኛውም ፕሮግራሞች መሆናቸው ነው። የዌብ ኤፒአይ ደግሞ ቅጹንና መልሱን የሚያመላልሰው ድረ ገጾች በሚጓዙበት በኤችቲቲፒ ሕግ አማካይነት ነው። ቲም በርነርስ ሊ በስዊዘርላንድ በሚገኘው ሰርን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1989 የዌብን ሐሳብ ሲያቀርብ ዓላማው ተመራማሪዎች ሰነዶቻቸውን እንዲለዋወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ሮይ ፊልዲንግ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ አርቫይን ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ይኸው ሥርዓት የተመሠረተበትን የአሠራር ንድፍ «ሬስት» በሚል ስያሜ ተነተነው። ዛሬ በእጅ ስልክ የአየር ጠባይ ስንመለከት ወይም ገንዘብ ስናስተላልፍ በስተጀርባ የሚነጋገሩት እንዲህ ያሉ መስኮቶች ናቸው።

መልሶቹም የታወቁ ቁጥሮች አሏቸው። 200 ማለት ጥያቄው ተሟልቷል ማለት ነው፤ 400 ቅጹ በትክክል አልተሞላም፤ 404 የተፈለገው ነገር የለም፤ 500 ደግሞ ጥፋቱ የባለ ጉዳዩ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ነው እንደ ማለት ነው።

ከራስ ጋር መነጋገር

ፕሮግራም ሠሪ አገልግሎቱን በመጀመሪያ የሚፈትነው በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ለዚህም ማንኛውም ኮምፒዩተር ራሱን የሚጠራበት «ሎካልሆስት» የተባለ ስምና 127.0.0.1 የተባለ አድራሻ አለው። ወደዚህ አድራሻ የተላከ ጥያቄ በገመድም ሆነ በአየር አይወጣም፤ በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ዞሮ ይመለሳል። ጠያቂውም ተጠያቂውም አንድ ቤት ውስጥ ናቸው።

ይህ ዘዴ ትልቅ ጥቅም አለው። ክፍያ የለበትም፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም፤ ስሕተት ቢፈጠር የሚጎዳ ሰው የለም። ከሁሉም በላይ መልሳቸውን አስቀድመን የምናውቃቸውን ጥያቄዎች እያቀረብን አገልግሎቱን መመዘን እንችላለን።

የእኛ አገልግሎት ዋና ሥራ የአውሮፓውያንን ቀን ወደ ኢትዮጵያ ቀን መለወጥ ስለነበረ ብርቱ የሆኑ መፈተኛዎችን ከታሪክና ከባሕረ ሐሳብ መረጥን። የመጀመሪያው የዐድዋ ድል ነው። በአሁኑ ጊዜ የካቲት 23 ቀን የሚውለው ማርች 2 ቀን ነው። ይሁን እንጂ ድሉ የተገኘበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዋለው እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ሳያቋርጥ ጳጉሜንን 6 ቀን ሲያደርግ፣ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ግን 1900ን ያለ ተጨማሪ ቀን አሳልፏታል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ልዩነት በአንድ ቀን ሰፍቷል። 2100ም እንዲሁ ስለምታልፍ በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን ማርች 3 ላይ ይውላል። የዘንድሮውን ልዩነት ብቻ ይዞ የሚያሰላ ፕሮግራም ዐድዋን ሲጠየቅ ይወድቃል።

ሁለተኛው መፈተኛ የሺህ ዓመቱ መባቻ ነው። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. የዋለው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 እንጂ እንደ ብዙዎቹ ዓመታት ሴፕቴምበር 11 ቀን አልነበረም። 1999 ዓ.ም. ለ4 ሲካፈል 3 ስለሚተርፍ ጳጉሜን 6 ቀን ነበረችና። ሦስተኛው መፈተኛ የተሳሳተ ጥያቄ ነው። 2016 ዓ.ም. ለ4 ሲካፈል የሚተርፍ ስለሌለው ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ነበረች። ስለሆነም «ጳጉሜን 6 ቀን 2016» ብሎ ለጠየቀ ሰው ትክክለኛው መልስ 400 ነው። ትክክለኛውን ጥያቄ መመለስ ብቻ አይበቃም፤ የተሳሳተውን ጥያቄ አለመቀበልም የመልካም አገልግሎት ምልክት ነው።

አገልግሎታችን እነዚህን ሁሉ መፈተኛዎች አለፈ። ታዲያ ሊጡን ማን አኮመጠጠው?

«ዛሬ ስንት ነው?»

የዐድዋ ቀን ለተጠየቀበት ቦታም ሆነ ሰዓት ደንታ የለውም፤ አዲስ አበባም ሆነ ፍራንክፈርት መልሱ አንድ ነው። «ዛሬ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን መልሱ በራሱ ውስጥ የለም። ፕሮግራሙ ቀና ብሎ ያለበትን ኮምፒዩተር ሰዓት ማየት አለበት። የእኛ ኮምፒዩተር የተሞላው በአዲስ አበባ ሰዓት ነው። ሰርቨሩ ደግሞ እንደ ብዙዎቹ ሰርቨሮች በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት ይሠራ ነበር። የአዲስ አበባ ሰዓት ከዚህ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ በእኛ አገር እኩለ ሌሊት አልፎ አዲስ ቀን ሲገባ ሰርቨሩ ገና በትናንትናው ምሽት ላይ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የተላኩት ልኬቶች ሁሉ የትናንቱ ቀን ተለጠፈባቸው። ሰንጠረዡም በሰዓት ቅደም ተከተል ሲደረደር እነርሱ ከጠዋቱ ልኬት በላይ ወጥተው ተቀመጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። አገልግሎቱ ከ24 ሰዓት ውስጥ 21ዱን ትክክል ነበር። በሰርቨሩ ላይ ከጫንነው በኋላም ቀን በቀን ደጋግመን ሞክረነዋል፤ ሁልጊዜም ትክክለኛውን መልስ ሰጥቶናል። የተሳሳተው ሁላችንም በምንተኛበት ሰዓት ነው። ከዚህ የምንማረው ማንኛውም ፈተና የሚመልሰው በተጠየቀበት ቦታና ጊዜ ያለውን ሁኔታ ብቻ መሆኑን ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ የሙቀቱንና የግፊቱን መጠን ሳይመዘግብ ውጤት የሚያቀርብ ተማሪ ውጤቱ አይታመንለትም። ፕሮግራም ሠሪም «ይሠራል» ሲል በምን ሁኔታ እንደሚሠራ አብሮ ሊናገር ይገባዋል።

ቤትና አደባባይ የሚለያዩባቸው ሌሎች ነገሮች

ሰዓት አንዱ ልዩነት ብቻ ነው። በእኛ ፊደል የሚሠራ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሌላም አለ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ጀምሮ በዓለም አቀፉ የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ ይገኛል። በብዛት በሚሠራበት በዩቲኤፍ ስምንት አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ጳጉሜን» 4 ፊደል ነው፤ በኮምፒዩተር ዘንድ ግን 12 ባይት ነው። በራሳችን ኮምፒዩተር ያለው የመረጃ ቋት ቦታን በፊደል ቆጥሮ የሚመድብ፣ በሰርቨሩ ያለው ደግሞ በባይት የሚመድብ ቢሆን ለ10 በተመደበ ቦታ ውስጥ «ጳጉሜን» በመጀመሪያው ይገባል፤ በሁለተኛው ይቆረጣል ወይም አይመዘገብም።

ሌላው ልዩነት የመንገዱ ነው። በሎካልሆስት የሚላክ መልእክት በመንገድ ላይ አይጠፋም። በእውነተኛው ኔትዎርክ ግን መለኪያዋ ቁጥሩን ልካ መልሱ ሳይደርሳት መብራት ወይም መስመር ሊቋረጥ ይችላል። መልስ ስላላገኘች ደግማ ትልካለች፤ አገልግሎቱም አንዱን ልኬት ሁለት ጊዜ ይመዘግባል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ልኬት መለያ ቁጥር ሰጥቶ ቀድሞ የተመዘገበውን ሁለተኛ አለመመዝገብ ነው። በልኬት ቦታ ገንዘብ ብንተካ ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባናል።

በራሳችን ኮምፒዩተር ላይ ተጠቃሚው አንድ ሰው ነው፤ በአደባባይ ግን ብዙ ሰዎች በአንድ ቅጽበት ይመጣሉ። በቤታችን የይለፍ ቃልን በፕሮግራሙ ውስጥ ብንጽፈው የሚያይብን የለም፤ በአደባባይ ግን ፕሮግራሙን ያገኘ ሁሉ ቁልፉን አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ የይለፍ ቃልና ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥ ማንኛውም ቅንብር ከፕሮግራሙ ውጭ ተቀምጦ ሥራ ሲጀምር እንዲሰጠው ይደረጋል። በመንገድ ላይ የሚጓዘውም መልእክት በምስጢራዊ አጻጻፍ ተሸፍኖ መጓዝ አለበት።

ከስምንቱ አንዱ ቢረሳ

ፕሮግራሙ ራሱ ደኅና ሆኖ ሳለ አጫጫኑ ጥፋት ሊያመጣ ይችላል። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ንግድ ድርጅት ነው። ድርጅቱ የገበያ ትእዛዞችን የሚያስተናግደውን አዲስ ፕሮግራም በ8 ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት። ሥራውን ያከናወነው ባለሙያ 7ቱን ጭኖ አንዱን ሳይጭን ቀረ፤ ሥራውንም በድጋሚ የተመለከተ ሁለተኛ ሰው አልነበረም። በተረሳው ሰርቨር ላይ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አገልግሎት ያቆመ አሮጌ ኮድ ሳይፋቅ ተቀምጦ ነበር። አዲሱ ፕሮግራም የሚጠቀምበት ምልክት ደግሞ ያንን አሮጌ ኮድ የሚቀሰቅስ ሆኖ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ገበያው ሲከፈት ያ አንድ ሰርቨር ማቆሚያ የሌለው የግዢና የሽያጭ ትእዛዝ ያጎርፍ ጀመር። ገበያው ሳይከፈት በፊት ሥርዓቱ ስሕተት መኖሩን የሚጠቁሙ 97 የኢሜይል መልእክቶችን ለሠራተኞች ልኮ ነበር፤ ሆኖም እንደ ማስጠንቀቂያ ተቆጥረው የመረመራቸው ሰው አልነበረም። በጭንቀት ውስጥ ሆነውም መፍትሔ የመሰላቸውን ሲያደርጉ አዲሱን ፕሮግራም በትክክል ከተጫነባቸው ከ7ቱ ሰርቨሮች አነሱት፤ ያን ጊዜ አሮጌው ኮድ በሁሉም ላይ ተቀሰቀሰ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ድርጅቱ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽንም በቀጣዩ ዓመት የ12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለበት።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ብልኅ ፕሮግራም ሠሪ ትጥቁን የሚያጠብቀው ከመሮጡ በፊት ነው።

ከመውጣት በፊት፣ በመውጫ ጊዜና ከወጡ በኋላ

ታዲያ ትጥቅ የሚጠብቀው እንዴት ነው? ከመውጣት በፊት አደባባዩን ወደ ቤት ማምጣት ያስፈልጋል። ይህም ማለት በሰርቨሩ ላይ ያለውን የአሠራር ሥርዓት፣ የመረጃ ቋት ዓይነትና የሰዓት አቆጣጠር በራስ ኮምፒዩተር ላይ መድገም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው ዶከር ለዚህ ምቹ ነው። ፕሮግራሙን ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ጋር በአንድ ሣጥን አሽጎ ያንኑ ሣጥን በቤትም በአደባባይም ለማስነሣት ያስችላል። የእንዲህ ያለ ሣጥን ሰዓት ካልተነገረው በቀር አብዛኛውን ጊዜ ዓለም አቀፉን ሰዓት ይይዛል፤ ስለዚህ እኛም አስቀድመን ተጠቅመንበት ቢሆን ልዩነቱ በደጃችን ላይ ይጋለጥ ነበር። ከዚያም በኋላ ከእውነተኛው ሰርቨር ጋር በሚመሳሰል፣ ነገር ግን የሕዝብ መረጃ በሌለበት ሁለተኛ ሰርቨር ላይ የልብስ ልምምድ እንደሚያደርጉ ተዋንያን አገልግሎቱን ማለማመድ ይገባል።

በመውጫ ጊዜ አጫጫኑን በሰው እጅና በሰው ማስታወስ ላይ አለመጣል ይሻላል። እርምጃዎቹን በቅደም ተከተል የሚፈጽምና ሁሉም ሰርቨሮች አንድ ዓይነት እትም መያዛቸውን የሚያረጋግጥ ፕሮግራም ይጻፋል። ከሁሉ አስቀድሞ በአንዱ ሰርቨር ላይ ወይም ለጥቂት ተጠቃሚዎች ተጭኖ ይታያል፤ ደኅና ከሆነ ወደ ሌሎቹ ይዛመታል። ወደ ቀድሞው እትም መመለሻውም መንገድ አስቀድሞ የተሞከረ መሆን አለበት። በችግር ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞከር መመለሻ ምን እንደሚያስከትል ከናይት ካፒታል አይተናል።

ከወጡ በኋላ ደግሞ ዓይንን አለመንቀል ነው። አገልግሎቱ በሕይወት መኖሩን በየጊዜው የሚጠይቅ ጠባቂ ይደረጋል፤ የመጡት ጥያቄዎችና የተሰጡት መልሶች በመጡበት ተራ በመዝገብ ይጻፋሉ። የእኛን ተማሪ ሥራ ያዳነው ይህ መዝገብ ነው። ልኬቶቹ የደረሱበት ቅደም ተከተል እንዳለ ተጽፎ ስለነበር የተሳሳተውን ቀን ነቅሰን ማረም ቻልን። የመጡትን ቁጥሮች ወዲያው ለውጠን መነሻቸውን ጥለን ቢሆን ኖሮ ሊጡ እንደ አዲስ መቦካት ነበረበት።

ያረምነውስ እንዴት ነው? በመጀመሪያ ጊዜው ሁሉ በዓለም አቀፉ ሰዓት እንዲቀመጥና ለሰው በሚታይበት ጊዜ ብቻ በአዲስ አበባ ሰዓት ወደ ኢትዮጵያ ቀን እንዲለወጥ አደረግን። ቀጥሎ ፕሮግራሙ የኮምፒዩተሩን ሰዓት በራሱ ከማየት ይልቅ ሰዓቱን ከውጭ እንዲቀበል አደረግነው፤ በመሆኑም እኩለ ሌሊትን ሳንጠብቅ በጠራራ ፀሐይ «አሁን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ነው» ብለን ልንፈትነው ቻልን። በሦስተኛ ደረጃ የቀኑ ቁጥር የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት መሆኑን በአገልግሎቱ መመሪያ ላይ ጻፍን። ቀኑን ከንጋት የሚቆጥር ብዙ ሰው ባለበት አገር ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ለሌላ ስሕተት በር መክፈት ነው። በመጨረሻም ከመቦኪያው ሰዓት በፊት የሚመጣን ማንኛውንም ልኬት አልቀበልም የሚል አንድ መስመር ጨመርን። ይህን መስመር ለመጻፍ የኮምፒዩተር ሳይንስ ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ሊጥ ምን እንደሆነ ማወቅም ያስፈልጋል።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ለመሞከር ትልቅ ሰርቨር አያስፈልጋችሁም። ቀን የሚለውጥ ትንሽ አገልግሎት በኮምፒዩተራችሁ ላይ ሥሩ፤ ዐድዋን ጠይቁት፤ ጳጉሜንን ጠይቁት፤ ከዚያም የኮምፒዩተራችሁን የሰዓት ክልል ለውጣችሁ ያንኑ ጥያቄ ደግማችሁ አቅርቡለት። መልሱ ከተለወጠ ስሕተታችሁን ገና ከቤት ሳይወጣ አገኛችሁት ማለት ነው። ከወጣ በኋላ የሚያገኘው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም በራሱ ሥራ ላይ።

ተማሪዋ ከእርማቱ በኋላ ግራፉን እንደገና አወጣችው። መስመሩ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀምራል፤ ሌሊቱን ሳይቆራረጥ ይሻገራል። ዱቄቱ ተቦካ፤ ከዚያም ኮመጠጠ።